የሄደው ሰው ካሜራ፣ የቀረው ሰው ዓይን

ስለ ስደት ከተሠሩ የኢትዮጵያ ፊልሞች የምወዳቸው አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ካሜራውን የያዘው የሄደው ሰው ነው። ሄዶ፣ ኖሮ፣ ተመልሶ ያያል። እኔ ያደግኩት ሀደሮ ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ስደትን የሚያውቀው ሳይሄድ ነው፣ በተላከ ፎቶ። ሁለቱ እይታዎች እስካሁን በደንብ አልተገናኙም ባይ ነኝ።

ከኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) እንጀምር። ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ የገባ ዳይሬክተር ነው። የፊልሙ አንበርብር ጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። ታሪኩ በቅደም ተከተል አይሄድም። የልጅነት ትዝታ፣ የጀርመን ተማሪዎች ክርክር፣ የደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ ቅዠት፣ ሁሉም እየተቆራረጠ ይገባል። አንዳንዱ ተመልካች «ግራ ያጋባል» ይላል። ለእኔ ግን የፊልሙ ትልቁ እውነት እሱ ነው። ቦታ የቀየረ ሰው ትዝታውን ተርታውን ጠብቆ አያገኘውም፤ ቁርጥራጩን እየለቀመ ራሱን ይሠራል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። መንደሩን የምናየው በአንበርብር ዓይን ነው። እናቱ ልጇን ስትጠብቅ በኖረችባቸው ዓመታት ጀርመንን በምናቧ እንዴት ትስለው ነበር? ፊልሙ እዚህ ጥያቄ ላይ አይቆይም። መንደሩ የትዝታ ቦታ ነው። የራሱ ሕልም ያለው ቦታ ሆኖ ብዙም አይታይም።

ወደዚህ ሕልም የቀረበችው ጄሲካ በሺር ናት። ሜክሲኮ ተወልዳ ሐረር አድጋ በ16 ዓመቷ ከአገር ወጣች። «ፋያ ዳዪ»ን (እ.ኤ.አ. 2021) ወደ 10 ዓመት ገደማ እየተመላለሰች ሠራችው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጫት፣ ጭስ፣ ሌሊት ጆንያ የሚሸከሙ ሰዎች። የልጆቹ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከፊታቸው ተለይቶ ይሰማል፤ ሰውየው እዚህ ተቀምጦ ሐሳቡ ባሕር ማዶ። ሳይሄዱ መሄድ ማለት ይሄ ነው። ውበቱ ግን አልፎ አልፎ ይበዛል። ምስሉ እንደዚያ ሲያምር የልጆቹ ችግር ራሱ ሕልም ይመስላል። ያም ሆኖ ሀደሮን የሚያስታውሰኝ ፊልም እሱ ነው።

የእኛ ሰው ሕልም ግን ወደ ደቡብ ነው። ከሃዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። ከዚያ የሚመጡ ፎቶዎች የራሳቸው ወግ አላቸው። መኪና ተደግፎ መቆም። ለስላሳ በሞላ ፍሪጅ ፊት መቆም። አዲስ ጫማ። ከፍሬሙ ውጭ የቀረው ደግሞ ሱቁን ከመንገድ የሚለየው የብረት ፍርግርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2015 የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ የተዘረፈበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ወደ ቤት የተላከ ፎቶ የለም።

ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ሎኬሽን ከተከፈተ ደግሞ ቦታውን ከምስሉ ጋር ይጽፋል። ሜታዳታ የሚባለው ነው። ፎቶው በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ግን ፋይሉ ይጨመቃል፣ ሜታዳታውም ይራገፋል። ለደኅንነት ጥሩ ነው። ግን ምን መሰላችሁ፣ ሀደሮ የሚደርሰው ምስል ቀንም ቦታም የለውም። የጎደለውን የሚሞላው የተቀባዩ ምናብ ነው።

ላኪዎቹን ውሸታም ማለቴ አይደለም። እናት እንዳትጨነቅ መርጦ መላክ ፍቅር ነው። በዚያ ገንዘብ ቤት ተሠርቷል፣ ልጅ ተምሯል። እኛ ጋ ዝንጅብል የብዙ ቤት ገቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አጠውልግ በሽታው ሲዛመት ማሳው ባዶ ቀረ። የፍሪጁ ፎቶ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ባዶ ማሳ ጎን ሲቀመጥ ነው።

ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው። የስልኩ ዎልፔፐር የአጎታችን ልጅ ከመኪና ጋር የተነሳው ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ የአጎቴን ልጅ «እስቲ ካሜራውን አዙረው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አዞረው። ፍርግርጉ፣ ከጀርባው የታጠፈ ፍራሽ፣ በብረቱ መሐል እጁን ያስገባ ደንበኛ። ምናልባት 10 ሰከንድ። ወንድሜ ምንም አልተናገረም፤ ዎልፔፐሩንም አልቀየረም። ማታ ግን «ሱቁ ውስጥ ነው እንዴ የሚተኛው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሲኒማ ከዚህ በላይ እንዲሠራ አልጠይቅም። «አትሂዱ» የሚል የማስተማሪያ ድራማ አይተናል፣ ማንንም አላስቀረም። እኔ የምጠብቀው ካሜራውን ሀደሮ ላይ ተክሎ የቀሩትን የሚያይ ፊልም ነው። ፎቶው ሲከፈት የእናትየዋን ፊት፣ ገበያ ላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ስልክ፣ ማታ ዝም የሚለውን ልጅ። የሄዱት ትዝታቸውን ቀርጸውልናል። የቀሩት ሕልማቸውን ከየት እንዳመጡት የሚያሳይ ሰው ገና ነው።