መንገድ በዛ፣ መገናኛው ጠፋ

ለመሆኑ መንገድ ስለ በዛ ብቻ ከተማ አደገ ይባላልን? ክሪስቶፈር ባሪንግተን-ሊና አዳም ሚላርድ-ቦል እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት በእኔ እምነት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። ምሁራኑ የዓለምን ከተሞች መንገድ በካርታ መርምረው፣ በብዙ አገሮች አዳዲስ ሰፈሮች የሚቆረቆሩት እርስ በርስ በማይገናኝና ጫፉ በተዘጋ መንገድ መሆኑን አሳይተዋል። በ2015 ጥናታቸው ደግሞ ይኸው አሠራር በአሜሪካ በ1994 ገደማ ጣራ ነክቶ መቀነስ መጀመሩን ገልጸዋል።

እኔ የምኖርባት ቨርጂኒያም ሁሉም መኪና ወደ አንድ አውራ ጎዳና ሲጎርፍ መከራዋን ካየች በኋላ፣ በ2009 ከጎረቤት ሰፈር ጋር ያልተገናኘ አዲስ መንገድ ለጥገና አልረከብም የሚል ደንብ አውጥታ ነበር። በ2011 ግን አላላችው።

በጥናቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው፤ ካርታ ላይ ያለ መስመር ሰው በእግሩ መሻገር መቻል አለመቻሉን አይናገርም። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ በካርታ ሲታይ አገናኝ ነው፤ ማዶ ያለ ዘመዱን ለመጠየቅ ድልድይ ፍለጋ ለሚኳትን እግረኛ ግን አጥር ነው። በአንጻሩ መኪና የማያስገባው የድሮ ሰፈር ጉራንጉር በውስጥ ለውስጥ ያሻግረዋል።

እኛስ? እዚህ ሆነን አዲስ አበባ ቤት ስንገዛ የምንጠይቀው ስለ አጥሩና ስለ ዘበኛው ነው። የግቢው መንገድ ከጎረቤት ሰፈር ይገናኝ እንደሆነ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ፈረንጅ የተጸጸተበትን በዶላር እየገዛን ነው ማለት ነው። ቤት ይፈርሳል፣ ይታደሳል፤ አንዴ የተዘጋ መንገድ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት "መውጫው በየት ነው?" እንበል።