የበረዶ አገር ዕቃ ጮቄ ላይ ሲወጣ

የፈረንጆች ክረምት ሲገባ ዩቲዩብ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይበዛል። መኪናው በረዶ ውስጥ ቆሟል፣ ጣሪያው ላይ ድንኳን ተዘርግቷል፣ ውስጡ ማሞቂያ ሞቅ ያለ አየር ይነፍሳል፣ ቡና ይፈላል። ከዚያ የዕቃዎቹ ስምና ዋጋ ተራ በተራ ይመጣል። ቪዲዮዎቹ ያምራሉ፣ እኔም አያለሁ። ችግሩ ያለው ዕቃው «ምርጥ» ሲባል የት ምርጥ እንደሆነ የሚናገር ሰው መጥፋቱ ላይ ነው። እስቲ ከዚያ ዝርዝር የተወሰኑትን ወስደን ከደጀን በቢቸና ወይም በሞጣ በኩል ዞረን ጮቄ ተራራ ላይ እናሳድራቸው። (ሰላሙ ተመልሶ እንደ ልብ የሚኬድበት ቀን ይምጣ እንጂ።)

መጀመሪያ ስለ በረዶ። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚበተነውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የረጋውንም «በረዶ» እንላለን። ጮቄ ላይ የሚያገኛችሁ ጠጠሩና የሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ስኪ የሚያስነዳ በረዶ አይደለም። ኢትዮጵያን ወክሎ በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ በስኪ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም እንኳ ስኪውን የተማረው አሜሪካ ነው። የእኛ ደጋ ፈተና ሌላ ነው። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ይበልጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀትር ፊት ይለበልባል፣ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር የሚገርም ሥራ የሚሠራው ማሞቂያዎቹ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በጣም የሚሸጠውን በጋዝ የሚሠራውን «ባዲ» የተባለ ማሞቂያ ውሰዱ። ኦክሲጅን ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አለው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ሰው ታፍኖ እንዳይሞት የተሠራ ነው። ግን የራሱ መመሪያ ከ7,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,130 ሜትር ገደማ በላይ ሊጠፋ እንደሚችል ይናገራል። ቢቸናም ሞጣም ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው! ተራራውን ሳትጀምሩ፣ ገና ከተማው ውስጥ ሻይ እየጠጣችሁ፣ ማሞቂያችሁ ሥራ ሊያቆም ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚነግራችሁ ቪዲዮ ስንት ነው?

ርካሾቹ የናፍጣ ማሞቂያዎች ደግሞ በተቃራኒው አይጠፉም፣ ጥቀርሻ ይሞላሉ እንጂ። ትንሿ ፓምፕ ናፍጣውን የምትለካው በጠብታ ነው። ከፍታው ሲጨምር የሚገባው አየር ይሳሳል፣ ጠብታው ግን ያው ነው። ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ማቃጠያውን ይደፍነዋል። ጥሩዎቹ የአየር ግፊት መለኪያ ስላላቸው ጠብታውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ስትገዙ ከዋት ቁጥሩ በፊት መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው።

በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅ ሌላም ነገር ይሰጣል፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። «ከሰል አፍኗቸው አደሩ» የሚል ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ድንኳን ሸራ ስለሆነ አየር ያስገባል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። ዘመናዊ ድንኳን የሚሠራው ነፋስና ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ ነው፣ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። 4,000 ሜትር ላይ ያለ ሰው ኦክሲጅኑ ቀድሞ አንሶታል። ራስ ምታት ቢይዘው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ አለቀ። በባትሪ የሚሠራች ትንሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አለች። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉኝ እሷን እላለሁ፤ የሚያስገርመው ግን አብዛኛው ቪዲዮ ውስጥ አትታይም።

ታዲያ በምን እንሙቅ? በመኝታ ከረጢት። እዚህም የምትሸወዱበት ቦታ አለ። አይኤስኦ 23537 የሚባለው መለኪያ ለከረጢት ሦስት ቁጥር ይሰጣል፦ የምቾት፣ የመጨረሻ ወሰን እና የአደጋ። የአደጋው ቁጥር «ሰውየው ሌሊቱን በሕይወት ሊያልፍ ይችላል፣ ግን ሊጎዳ ይችላል» ማለት ነው። አንዳንድ ሻጭ በትልቁ የሚጽፈው ይህንኑ ነው፤ ከሁሉም ስለሚያንስ ዓይን ይስባል። እናንተ የምቾቱን ፈልጉ። ሌላው፣ ልኬቱ የሚወሰደው ከረጢቱ ፍራሽ ላይ ተደርጎ ነው። ፍራሽ ከሌለ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱም የሚያሞቃችሁ ላባው ሳይሆን ላባው መካከል የቆመው አየር ነው። ሰውነታችሁ ከታች ያለውን ላባ ሲጫነው አየሩ ይወጣል፣ መሬቱም ሙቀታችሁን ይስባል።

እዚህ ላይ የጎጃም እረኛ ቀድሞን ያሰበው ነገር አለ፤ አጎዛ። የበግ ፀጉር እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲጫኑት ሙሉ በሙሉ አይተኛም፣ አየሩን እንደያዘ ይቆያል። ከላይ ውድ ከረጢት፣ ከታች አጎዛ ቢሆን ለእኔ ከየትኛውም የማስታወቂያ ጥምረት ይሻላል። ገሳውም እንዲሁ ነው። ሣሩ እንደ ጎጆ ክዳን ተደራርቦ ስለሚሠራ ውሃው ተንሸራቶ ይወርዳል፣ የሰውነት እንፋሎት ደግሞ በክፍተቱ ይወጣል። ውድ የዝናብ ጃኬቶች በጥቃቅን ቀዳዳ ሊያደርጉት የሚሞክሩት ይህንኑ ነው። እርግጥ ገሳ ይከብዳል፣ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፣ እሳት አጠገብም አይቀመጥም። የሙዚየም ዕቃ አድርገን እናወድሰው እያልኩ አይደለም፤ ድክመቱን አውቆ የሚያሻሽል የጨርቃጨርቅ ተማሪ ግን ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ያገኝ ነበር።

የጣሪያ ድንኳኑ ጋ እንምጣ። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ነው። 2,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና የክብደቷ ማዕከል ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። 2 ሜትር ከፍታ ላይ 70 ኪሎ ድንኳን ስትጭኑ ማዕከሉ ወደ 74 ይወጣል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ስትጨምሩበት ወደ 77 ይጠጋል፣ 10 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በቀጥታ መንገድ ላይ አይሰማችሁም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በሚወርደው ጥምዝምዝ ላይ ግን ይሰማችኋል። ጀሪካኑን መኪናው ወለል ላይ አድርጉት። የጣሪያ አቅምም ሁለት ዓይነት ነው፤ ቆሞ የሚሸከመውና እየተጓዘ የሚሸከመው። ሻጩ የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ነው፣ የሚበልጠው እሱ ስለሆነ።

ጎማ ሥር የሚነጠፉት የፕላስቲክ ሳንቃዎች ለአሸዋና ለበረዶ ግሩም ናቸው። የጥኖራና የቢቸና ሜዳ ላይ በክረምት ዋልካ ሲይዛችሁ ግን ጥርሳቸው ወዲያው በጭቃ ይሞላና ሳንቃው ራሱ ይንሸራተታል። የአካባቢው ሰው የሚያመጣው ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይበልጣል።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ምስር በቀላሉ አይበስልም። የፈላ ውሃ የሚጠይቁት ውድ የደረቁ ምግቦችም ጊዜ ይፈጃሉ። በሶ ምንም አይጠይቅም።

በመጨረሻ የወደድኩትን ልናገር። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች የሚቀጥለው ትውልድ ካምፕ የሚወጣው በኤሌክትሪክ መኪና ነው። አንዳንዶቹ ለምድጃ የሚሆን ኃይል ወደ ውጭ መስጠት ይችላሉ፤ ጢስ የለ፣ ጋዝ የለ። ቻርጅ ማድረጊያ ከአዲስ አበባ ውጭ ገና ብርቅ መሆኑን አትርሱ። 2,500 ኪሎ የሚመዝን የተጫነ መኪና ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ገደማ ሲወርድ 34 ሜጋጁል ይለቃል፤ አምስት ጀሪካን ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ተራ መኪና አብዛኛውን በፍሬንና በሞተር ይበትነዋል። ኤሌክትሪኩ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ደጀንን ሲወጣ ይፈልገዋልና። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ጎሃ ጽዮን አጠገብ ቻርጅ አግኝታችሁ ከሆነ 80 በመቶ ላይ ንቀሉት።