የቶርክ መለኪያዎችን ስለሚለዋውጥ አንድ ሠንጠረዥ የቀረበ ሂስ

ለተግባር ትምህርት በሄድንበት አንድ የጥገና ክፍል፤ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ፤ ቅባት የነካካው አንድ ሠንጠረዥ ተለጥፎ አገኘን። ተግባሩም ብሎን የሚጠብቅበትን ጠምዛዥ ኀይል፤ ማለት ቶርክን፤ ከእንግሊዝ መለኪያ ወደ ሜትር መለኪያ መመለስ ነው። አስፈላጊነቱን አንክድም። የላንድሮቨር የቀድሞ መጽሐፍ በፓውንድ-ጫማ፤ የፊያት የቀድሞ መጽሐፍ በኪሎግራም-ሜትር፤ የዛሬዎቹ ደግሞ በኒውተን-ሜትር ስለሚጽፉ፤ መካኒኩ አንድ መፍቻ ይዞ ሦስት ዐይነት ልክ ለማንበብ ይገደዳል። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በስሌት መረመርነው፤ ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ሠንጠረዡ ኪሎግራም-ሜትርን ወደ ኒውተን-ሜትር የሚመልሰው በ10 በማባዛት ነው። እዚህ ላይ ኪሎግራም የተባለው የቁሱ መጠን ሳይሆን መሬት ያንን ቁስ የምትስብበት ኀይል ነው፤ ማባዣውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. የመለኪያዎች ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው 9.80665 ነው። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባልተቸን ነበር። ነገር ግን ያው ሠንጠረዥ ፓውንድ-ጫማን ወደ ኒውተን-ሜትር ሲመልስ በ1.3558 ያባዛል። ይህ አኃዝ ትክክል ነው፤ በ1959 ዓ.ም. ስድስት አገሮች ከተስማሙበት ከጫማ ልክ 0.3048 ሜትርና ከፓውንድ ልክ 0.45359237 ኪሎግራም፤ ከላይ ከተጠቀሰው ስበት ጋር ተባዝቶ የተገኘ ነውና። ከዚህም የተነሣ 80 ፓውንድ-ጫማ በቀጥታ ሲመለስ 108.5 ኒውተን-ሜትር፤ በኪሎግራም-ሜትር በኩል ዞሮ ሲመለስ ግን 110.6 ይሆናል። አንድ ወረቀት ለአንድ ብሎን ሁለት መልስ ሰጠ ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የአምዱ ርእስ ነው። በእንግሊዙ አምድ አናት ላይ «ፓውንድ» ብቻ ተጽፏል፤ ኢንች ይሁን ጫማ አይታወቅም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዐሥራ ሁለት እጥፍ ነው። 120 ፓውንድ-ኢንች 13.6 ኒውተን-ሜትር ሲሆን፤ 120 ፓውንድ-ጫማ 162.7 ነው። ቀጭኑን ብሎን በሁለተኛው ልክ ያጠበቀ ሰው ወዲያው ይሰብረዋል፤ ስሕተቱንም ያውቃል። በተቃራኒው የመንኮራኩርን ዳዶ በ13.6 ያጠበቀ ሰው መፍቻው «ቀጭ» ሲል ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ የሚያውቀው መኪናው መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። እኛም ከሁሉ አብልጠን የምንፈራው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ሠንጠረዡ በአንድ በኩል እንዲህ ሲዘነጋ፤ በሌላ በኩል ከመጠን በላይ ይጠነቀቃል። 75 ፓውንድ-ጫማን 101.686 ኒውተን-ሜትር ብሎ ጽፏል። በብዛት የምንጠቀምበት የቶርክ መፍቻ ግን ከመቶ አራት እጅ ከፍና ዝቅ ማለት ይፈቀድለታል፤ ማለት ከ97.6 እስከ 105.8። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሦስት አኃዞች እንግዲህ ጌጥ ናቸው። ደግሞም ከምናወጣው ጉልበት ዘጠኝ ዐሥረኛ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሱ ላይ ባለው ሰበቃ ይጠፋል፤ ብሎኑን የሚወጥረው አንድ ዐሥረኛው ያህል ነው። ጥርሱ ላይ የተቀባ ጥቂት ዘይት ከእነዚያ አኃዞች ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ከጓደኞቻችን አንዱ፤ «መፍቻው ራሱ በአራት ከሳተ፤ በሁለቱ ለምን ትቆጣላችሁ?» ሲል ተከራክሮናል። ክርክሩ ተራ አይደለም። ሆኖም የመፍቻው ስሕተት አንዳንዴ ወደ ላይ አንዳንዴ ወደ ታች ነው፤ በ10 የማባዛት ስሕተት ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፤ ወደ ማጥበቅ፤ ይገፋል። በመፍቻው ስሕተት ላይ ሲደመርም የቴስታታ ብሎን ካለ ልኩ ይወጠራል።

ፓውንድ-ጫማውንና ፓውንድ-ኢንቹን በሁለት ወረቀት ለይተን፤ ከ10 ኒውተን-ሜትር በላይ ያለውን ሁሉ ያለ ነጥብ ጽፈን ለክፍሉ ሰጥተናል። ከአሮጌው ጎን ተለጥፏል፤ አሮጌው ግን ገና አልተነሣም።