ከተቃርኖ ወደ አብሮነት፦ የእንግሊዝኛው መስተዋድድ «ዊዝ» የትርጉም ታሪክ

የሰዋስው መጻሕፍት መስተዋድድን ብዙ ጊዜ በሠንጠረዥ ያስተናግዱታል። በአንዱ ዓምድ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሌላው የአማርኛ አቻው ይሰፍራል። በዚህ ሠንጠረዥ «ዊዝ» የሚለው ቃል «ከ…ጋር» ከተባለ በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ቃሉ ግን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው ከሚመጡት ሃያ ቃላት አንዱ ነው፤ የሚሸከመው ትርጉምም አብሮነት ብቻ አይደለም። እንዲያውም በመነሻው አብሮነትን አያመለክትም ነበር፤ ተቃውሞን እንጂ። ይህ ዳሰሳ «ተቃራኒ» የነበረ ቃል እንዴት «አብሮ» ሊሆን እንደቻለ ይመረምራል። መከራከሪያውም አንድ ነው፦ የመስተዋድድ ትርጉም በቃሉ ውስጥ ተቋጥሮ የተቀመጠ ሳይሆን ቃሉ ከግሡና ከስሙ ጋር ሲገናኝ የሚወለድ ነው።

የመነሻው ትርጉም

ጥንታዊ እንግሊዝኛ በሚባለው ዘመን፣ ማለትም በግምት ከ5ኛው እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.)፣ አብሮነትን የሚያመለክተው ቃል «ሚድ» ነበር። የዛሬው ጀርመንኛ «ሚት»፣ የደች «ሜት»፣ የስዊድንኛ «ሜድ» የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። «ዊዝ» ደግሞ በዋናነት «በመቃወም»፣ «ፊት ለፊት»፣ «አቅጣጫ» የሚሉትን ያመለክት ነበር። የሩቅ ዘመዱ የጀርመንኛው «ቪደር» ዛሬም «ተቃራኒ» ማለት ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተተረጎመው የጎቲክ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የምናገኘው «ዊዝራ»ም ይህንኑ ትርጉም ይዟል። የሥርወ ቃል አጥኚዎች ከዚህም ርቀው ወደ ህንድ-አውሮፓዊው ሥር ሲወርዱ የሚደርሱት «መለየት» ወይም «መራራቅ» ከሚል ሐሳብ ላይ ነው። ዛሬ ሁለት ነገሮችን የሚያገናኘው ቃል ዘሩ ከመለያየት የተቀዳ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ጥንታዊ ትርጉም ግልጽ ማስረጃ የሚሰጡት የዘመኑ የሕክምና መጻሕፍት ናቸው። «የባልድ የሕክምና መጽሐፍ» በሚል የሚታወቀው የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራና ብዙ መድኃኒቶቹን የሚያስተዋውቀው «ዊዝ» ብሎ የበሽታውን ስም በማስከተል ነው። ራስ ምታት ከሆነ «ዊዝ» ተብሎ ራስ ምታት ይጠራል፤ ከዚያ ቅጠሉና አቀማመሙ ይከተላል። ዛሬ ያለ የእንግሊዝኛ አንባቢ በራሱ ዘመን ቋንቋ ልማድ ቢያነበው «ከራስ ምታት ጋር» የሚል ይመስለዋል፤ የጥንቱ ጸሐፊ ግን «ለራስ ምታት መከላከያ» ማለቱ ነበር። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም «የወባ መድኃኒት» ስንል ወባን የሚያጠፋ ማለታችን ነው። «የ» በራሷ ማጥፋትን አትናገርም፤ ትርጉሙን የሚያመጣው «መድኃኒት» የሚለው ስም ነው።

የቀድሞው ትርጉም ፈጽሞ አልጠፋም፤ በጥምር ቃላት ውስጥ እንደ ደለል ተቀምጧል። «ዊዝስታንድ» ተቃውሞ መቆም፣ መቋቋም ነው። «ዊዝሆልድ» አለመስጠት፣ ይዞ ማስቀረት ነው። «ዊዝድሮው» ወደ ኋላ መሳብ፣ ማፈግፈግ ነው። በሦስቱም ውስጥ አብሮነት የለም። ተሸናፊው «ሚድ»ም አሻራውን ትቶ አልፏል። አዋላጅን የሚጠራው «ሚድዋይፍ» ከ«ሚድ» እና ሴት ከሚል ቃል የተጣመረ ሲሆን «ከወላዷ ጋር ያለች ሴት» ማለት ነው።

ለውጡ እንዴት መጣ?

ተቃራኒ ትርጉም ያለው ቃል የባላንጣውን ቦታ የወሰደበትን ምክንያት ለመረዳት ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ከቋንቋው ውስጥ የመጣ ነው። መዋጋት፣ መከራከር፣ መነጋገር፣ መገበያየት ሁሉ ሁለት ወገን የሚጠይቁ ድርጊቶች ናቸው። ጥንታዊ እንግሊዝኛ በእነዚህ ግሦች ዘንድ «ዊዝ»ን ይጠቀም ነበር፤ ምክንያቱም ሌላው ወገን ፊት ለፊት የቆመ ነው። ፊት ለፊት የቆመ ደግሞ ቅርብ ነው። ባላጋራም ቢሆን የድርጊቱ ተካፋይ ነው፤ ያለ እሱ ጠብ የለም። ስለዚህ ቃሉ ከ«ፊት ለፊት» ወደ «አጠገብ»፣ ከ«አጠገብ» ወደ «አብሮ» ሲንሸራተት በየደረጃው የተዘለለ ገደል አልነበረም።

አማርኛ ይህን ሒደት በራሱ አካል ላይ ያሳየናል። «ተዋጋ»፣ «ተጣላ»፣ «ተከራከረ»፣ «ተነጋገረ»፣ «ታረቀ» የሚሉት ግሦች ሁሉ «ከ…ጋር»ን ይወስዳሉ፤ ጠቡም እርቁም በአንድ መስተዋድድ ይገለጻል። የ1933 ዓ.ም.ን የነጻነት ዘመቻ እናስብ። «አርበኞቹ ከጣልያኖች ጋር ተዋጉ» እና «አርበኞቹ ከእንግሊዞች ጋር ተዋጉ» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በሰዋስዋቸው አንድ ናቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ጣልያን ጠላት ነው፤ በሁለተኛው ውስጥ እንግሊዝ አጋር ነው። ልዩነቱን የሚነግረን መስተዋድዱ ሳይሆን ታሪኩ ነው። ጥንቃቄ የሚወድ ጸሐፊ «ከእንግሊዞች ጋር ሆነው» ብሎ ያብራራል። እንግሊዝኛውም በ«ዊዝ» ሲጻፍ ተመሳሳይ አሻሚነት ያድርበታል።

ከዚህም የሚደንቅ አለ። «ከ» ብቻዋን ስትቆም መነሻንና መለየትን ታመለክታለች፤ «ከቤት ወጣ»፣ «ከአገሩ ተሰደደ» እንደምንለው። «ጋ» ደግሞ ቦታን፣ ቅርበትን ያሳያል፤ «እኔ ጋ ና» ሲባል ይሰማል። የመለያየት ምልክትና የቅርበት ምልክት ተጣምረው አብሮነትን ፈጠሩ። አማርኛና እንግሊዝኛ በዝምድና አይገናኙም፤ ሆኖም ሁለቱም አብሮነትን ከርቀትና ከቅርበት ቁሳቁስ ሠርተውታል።

ሁለተኛው ምክንያት ከውጭ የመጣ ነው። ቫይኪንጎች በ793 እ.ኤ.አ. የሊንዲስፋርንን ገዳም ከመቱ በኋላ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ ስካንዲኔቪያውያን በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ሰፈሩ። ቋንቋቸው ጥንታዊ ኖርስ «ቪዝ» የሚል የቅርብ ዘመድ ቃል ነበረው። ቃሉ ተቃውሞን ብቻ ሳይሆን ቅርበትንና ግንኙነትንም ያመለክት ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት በሚነጋገርበት አገር የአንዱ ቃል አጠቃቀም የሌላውን ማስፋቱ የሚጠበቅ ነው። በ1340 እ.ኤ.አ. በካንተርበሪ የሚኖር ዳን ሚሼል የተባለ መነኩሴ መጽሐፉን ሲጨርስ በኬንት እንግሊዝኛ መጻፉን የገለጸው አሁንም በ«ሚድ» ነበር። ኬንት ከስካንዲኔቪያውያኑ ሰፈራ ውጭ የነበረ የደቡብ ምሥራቅ አገር ነው። «ሚድ» በደቡብ መሰንበቱ የኖርስን ተጽዕኖ የሚሉትን ወገኖች ያጠናክራል። ይሁን እንጂ ተጽዕኖው ብቻውን ለውጡን አልፈጠረም ብዬ አምናለሁ፤ በቋንቋው ውስጥ የተከፈተ በር ባይኖር እንግዳው ባልገባ ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ገጣሚው ቻውሰር በሚጽፍበት ጊዜ፣ «ዊዝ» በለንደን እንግሊዝኛ ቦታውን አደላድሎ ነበር። ተቃውሞን የመግለጽ ሥራውን በብዛት «አጌንስት» የሚለው ቃል ተረከበ።

ውርሱና የዛሬው ስፋት

«ሚድ» ሲሞት የአብሮነትን ትርጉም ብቻ አላወረሰም፤ የመሣሪያነትንም አወረሰ። ስለዚህ ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከወንድሙ ጋር ሲሄድም፣ ሥጋ በቢላዋ ሲቆርጥም ቃሉ አንድ ነው። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዘይቤ ጥናታቸው ይህን ያነሱት መሣሪያን እንደ ጓደኛ የማየት አስተሳሰብ ማሳያ አድርገው ነው። አማርኛ ግን ሁለቱን ይለያል፤ ሰው «ከ…ጋር»፣ መሣሪያ «በ» ይወስዳል። ሐሳቡ ለእንግሊዝኛና ለብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ይሠራል፤ የሰው ልጅ ሁሉ አስተሳሰብ አድርጎ መውሰድ ግን አያስኬድም።

የ«ዊዝ» ስፋት የሚታየው ወደ አማርኛ ስናመጣው ነው። ቀይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው «ባለ ቀይ ባርኔጣ» ይሆናል። በቁጣ መናገርና በብርድ መንቀጥቀጥ «በ»ን ይሻሉ። ድጋፍ ሲሆን «ከጎንህ ነኝ» እንላለን። ማሰሮን ውሃ ስንሞላ መስተዋድድ አያስፈልገንም። በር ክፍት ሳለ መተኛት «በሩን ክፍት አድርጎ» ተብሎ በግሥ ይገለጻል። የያዙትን ነገር በግድ መልቀቅ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ፓርት ዊዝ» ነው፤ እዚህ ላይ አብሮነትን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፣ የሚናገረው መለየትን ነውና። ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይህን ቃል ያካተተውን የመጨረሻ ክፍሉን ያወጣው በ1928 እ.ኤ.አ. ነበር። ታሪካዊ መዝገበ ቃላት የቃልን ትርጉሞች በዘመን ቅደም ተከተል ስለሚዘረዝር፣ ተቃውሞና አብሮነት የአንድ ቃል ዕድሜ ሁለት ምዕራፎች መሆናቸውን አንባቢ ያያል።

ለማስተማር ምን ይጠቅማል?

በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አቻ ለአቻ ሠንጠረዥ ብቻ የያዘ ተማሪ «ከእሷ ጋር ተጋባ» የሚለውን ይዞ በእንግሊዝኛ «ቱ» በሚገባበት ቦታ «ዊዝ»ን ያስገባል። «በቢላዋ» የሚለውን ይዞም «ዊዝ» በሚገባበት «ባይ»ን ይጠቀማል። ስሕተቱ የስንፍና አይደለም፤ ሠንጠረዡ ያስተማረውን በታማኝነት መፈጸሙ ነው።

ስለዚህ መስተዋድድ ከግሡ ጋር፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ከታሪኩም ጥቂት ተጨምሮ ሊሰጥ ይገባል። «ዊዝስታንድ» ለምን መቋቋም እንደሆነ የተረዳ ተማሪ ቃሉን አይረሳውም፤ የገዛ ቋንቋው «ከ…ጋር» ጠብንም እርቅንም እንደሚሸከም ያስተዋለም የእንግሊዝኛው ባሕርይ አያስደነግጠውም። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና የቋንቋ መምህራን በቀጣይ ሥራቸው ሠንጠረዡን በእነዚህ ምሳሌዎች እንዲተኩት አደራ እላለሁ።