የግድግዳው መብራት ሲደክም

ሴትዮዋ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ናት። ባሏ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተከለለው የጋዝ ነበልባል ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ያጥርና እዚያው ይረጋል። ቀና ብላ ታየዋለች። ከዚያ ከኮርኒሱ በላይ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ኮሽታው ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። ሌላ ነገር የለም። ደም የለም፣ ከበር ጀርባ ብቅ የሚል ፊትም የለም። ጆርጅ ኪውከር እ.ኤ.አ. በ1944 ያዘጋጀው «ጋዝላይት» የተሰኘ ፊልም ሁለት ሰዓት ገደማ ልባችንን ሰቅሎ የሚያቆየው በዚህች ታህል ነገር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በጋራ ቆጣሪ የኖረ ሰው ይህ ትዕይንት አይጠፋውም። ጎረቤት የእንጀራ ምጣዱን ሲሰካ አምፖላችን ይደክማል፤ «እነ እትዬ መጋገር ጀመሩ» እንላለን። ያየነው መብራቱን ነው፤ ያወቅነው ግን ከግድግዳው ማዶ ያለውን ሰው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ቤቶች ጋዝም ጠባዩ ተመሳሳይ ነበር። ወደ ቤቱ የገባው ጋዝ በቧንቧ ለየክፍሉ ይከፋፈላል፤ አንድ ቦታ ተጨማሪ መብራት ሲለኮስ ግፊቱ ይቀንስና የሌላው ክፍል ነበልባል ያጥራል። ስለዚህ መብራቱ በደከመ ቁጥር ቤቱ ለሴትዮዋ፣ ለፓውላ፣ የሚነግራት አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ። የሥነ ልቦና ፊልም ይሉታል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የሚደንቀኝ የቧንቧ ሥራው ነው።

ፓውላ (ኢንግሪድ በርግማን) ያደገችው ዝነኛ ዘፋኝ በነበረችው አክስቷ በአሊስ አልክዊስት ቤት፣ ቶርንተን አደባባይ፣ ቁጥር 9 ነው። አክስቲቱ እዚያው ቤት ውስጥ ታንቃ ተገደለች፤ ገዳዩ አልተያዘም። ልጅቷ ኢጣሊያ ተልካ ዘፈን ስትማር በፒያኖ ከሚያጅባት ከግሪጎሪ (ሻርል ቦየር) ጋር ተዋደው ይጋባሉ። እሱ ለንደን ውስጥ ጸጥ ካለ አደባባይ ዳር ቤት ይዞ መኖር የረጅም ጊዜ ሕልሙ እንደሆነ ያጫውታታል። እሷ ደግሞ ልክ እንደዚያ ያለ ቤት ወርሳለች። ቤቱን ትፈራዋለች፤ ባሏን ግን ትወዳለች፤ ፍርሃቷን ውጣ ትመለሳለች።

ገዳዩ ባልየው ነው። ይህን በመናገሬ ፊልሙን ያላየ ሰው አይቀየመኝ፤ ኪውከር ራሱ እምብዛም አይደብቀውም። አንድ ቀን ፓውላ ከአክስቷ የሙዚቃ ወረቀቶች መሃል፣ ከግድያው ሁለት ቀን በፊት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አግኝታ ማንበብ ስትጀምር ግሪጎሪ ዘሎ ይነጥቃታል። ወዲያው ይረጋጋል፤ ይለሳለሳል፤ የአክስትሽ ዕቃ ሁሉ ከጣሪያው ሥር ወዳለው ክፍል ይውጣና ይታሸግ፣ ለጤናሽ የሚበጀው እሱ ነው ይላታል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሰውየውን ማንነት ጠርጥረናል። የቀረን ጭንቀት «ማን ነው?» የሚል አይደለም፤ ይህች ሴት ያየችውን እንዳየች የምታምነው መቼ ነው የሚል ነው።

ታሪኩ የተወሰደው ፓትሪክ ሃሚልተን በ1938 ከጻፈው ተውኔት ነው። ተውኔቱ ውስጥ ሚስቲቱና የተገደለችው ሴትዮ አይዛመዱም። የፊልሙ ጸሐፊዎች ግን ዘመድ አደረጓቸው፤ ቤቱንም ውርስ አደረጉት። ለኔ ትልቁ የእጅ ሥራ ይህ ነው። ባዕድ ቤት የሚያስፈራው ሰው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ያሳደገችህ ሴት ትታልህ የሄደችው ቤት ሲያስፈራህ ግን ከራስህ ጋር ትጣላለህ። ፓውላ ኮሽታውን ስትሰማ የምትጠረጥረው ሌባ አይደለም፤ የገዛ ጭንቅላቷን ነው። ባሏም ይህን ያውቃል። (በ1940 ቶሮልድ ዲኪንሰን ከዚሁ ተውኔት እንግሊዝ አገር ያዘጋጀው ሌላ ፊልም ነበር። የኪውከርን ፊልም የሠራው ኤምጂኤም የታሪኩን መብት ሲገዛ ያ ፊልም ከነጭራሹ እንዲጠፋ ጥሯል፤ አልተሳካለትም እንጂ። የተቀበረ ነገር እየተቆፈረ ስለሚወጣበት ታሪክ ይህ መደረጉ ያስቀኛል።)

ቤቱ ራሱ መታየት አለበት። ፊልሙ ለሰባት ኦስካር ታጭቶ ሁለት አገኘ፤ አንዱ የበርግማን፣ ሌላው የቤቱ ነው። ቤቱን በማዘጋጀት ከተሸለሙት አንዱ ፖል ሁልድሺንስኪ ከበርሊን የተሰደደ፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ የወጣ ሰው ነበር፤ ዕቃ የሞላው ቤት ምን እንደሚመስል ከማንም አልተማረም። መጀመሪያ በሩ ሲከፈት ወንበሩ ሁሉ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ጨርቁ ሲገፈፍ ቤቱ ያምራል፤ ያኔ ግን መጥበብ ይጀምራል። ጌጣጌጡ፣ መጋረጃው፣ የተሸበሸበው ጨርቅ፣ ትንንሹ ጠረጴዛ በየትዕይንቱ እየበዛ የሚሄድ ይመስላል። በርግማን ደግሞ ትልቅ ሴት ናት፤ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ። እንደሷ ያለች ሴት በዕቃ መሃል እጇን ሰብስባ፣ እንዳልሰብር እያለች ስትራመድ ማየት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ቀጭን፣ ደካማ መልክ ያላት ተዋናይት ብትሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም የተሰበረች ትመስለን ነበር። በርግማን ግን ዓይናችን እያየ ነው የምታንሰው።

ግሪጎሪ እንዴት እንደሚያሳንሳት ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። የእናቴ ነበር ብሎ አንድ የደረት ጌጥ ይሰጣታል፤ ከዚያ ራሱ ቦርሳዋ ውስጥ እያስቀመጠው፣ አንቺ እኮ ዕቃ ትጥያለሽ፣ ተጠንቀቂ ይላታል። እሷ ገና ምንም አልጣለችም! ትገረማለች፤ ትስቃለች። ጌጡ ሲጠፋ ግን ቃሉ ቀድሞ ተዘርቶ ጠብቋታል። ቦየር ይህን ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እንደ አስታማሚ ነው የሚያወራው። የሠራተኞቹም አመዳደብ እንዲሁ የታሰበበት ነው። ወጥ ቤቷ ኤልሳቤጥ ጆሮዋ ይከብዳል፤ ኮሽታውን አልሰማችም። ገረዷ ናንሲ ደግሞ እመቤቷን ትንቃለች፤ ፓውላ ስለ መብራቱ ስትጠይቃት መልሷ ሽሙጥ አለበት። ናንሲን የሠራችው አንጄላ ላንስበሪ ናት፤ የመጀመሪያ ፊልሟ ነበር፣ ሥራው ላይ ሳለች 18 ዓመት ሞላት። ከንፈሯን ጠመም አድርጋ ስትቆም ክፍሉ ውስጥ ከፓውላ ሌላ ሰው ሁሉ ያደመ ያስመስለዋል።

የፊልሙ ስም ዛሬ በእንግሊዝኛ ተራ ቃል ሆኗል፤ ሰውን እያወናበዱ በገዛ አእምሮው እንዲጠራጠር ማድረግ ማለት ነው። የሜሪየም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ2022 የዓመቱ ቃል ብሎታል። ቃሉን የሚጠቀሙ ብዙዎች ታዲያ ባልየው መብራቱን ሆን ብሎ የሚያደክመው ይመስላቸዋል። አይደለም። ጌጡን ይደብቃል፣ ሥዕል ከግድግዳ ያነሳል፣ ሰው በተሰበሰበበት የሙዚቃ ምሽት የገዛ ሰዓቱን ከሚስቱ ቦርሳ ያወጣል፤ እነዚህ ሁሉ የእጁ ሥራ ናቸው። መብራቱ ግን ከእጁ ያመለጠ ነው። ማታ ማታ ለሥራ እወጣለሁ እያለ በጓሮ ዞሮ፣ በባዶው ጎረቤት ቤት አድርጎ፣ በጣሪያ ተሻግሮ ወደታሸገው ክፍል ይገባል። የአክስቲቱን ዕንቁ እየፈለገ ነው። ለመፈለግ መብራት ይለኩሳል፤ ሲለኩስ ታች የሚሆነውን አያውቅም። ውሸት በሞላበት ቤት ውስጥ ያልዋሸው ነበልባሉ ብቻ ነው፤ ፓውላን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራትም እሱ ነው። እንዲህ አድርጎ ታሪክ የሚፈትል ሰው ብዙ አላየሁም።

እንከን የለውም አልልም። መርማሪ ፖሊሱን የሚሠራው ጆሴፍ ኮተን የስኮትላንድ ያርድ ሰው ሆኖ ሳለ አነጋገሩ ጥርት ያለ አሜሪካዊ ነው። አክስቲቱን በልጅነቱ ያደንቅ የነበረ መርማሪ ልክ በሰዓቱ መገኘቱም ጸሐፊዎቹ ሲቸኩሉ ያመጡት መፍትሔ ይመስላል። ቢሆንም አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ፓውላ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ መብራቱ ይደክማል፣ እሱም ያየዋል። የበርግማን ፊት ላይ የሚሆነውን ልብ በሉ። መጀመሪያ የሚመጣው ደስታ አይደለም፣ ድንጋጤ ነው፤ እፎይታው የሚከተለው ዘግይቶ ነው። መጨረሻ ላይ ባልየው ወንበር ላይ ታስሮ፣ ቢላ ይዛ ፊቱ ስትቆም ደግሞ ያለፈውን ሁሉ ትመልስለታለች። ፍቺኝ ሲላት እብድ ሴት ምን ልትረዳህ ትችላለች ትለዋለች፤ ቢላውንም ጥላ እንደጠፋባት ትሆናለች። ለወራት የተጫነባትን እብደት ራሷ አንስታ ስትለብሰው ልክክ ይልላታል።

ዕንቁዎቹስ? ግሪጎሪ መሳቢያ ገልብጧል፣ የሶፋ ሆድ ቀድዷል። እነሱ ግን አንድም ቀን ተደብቀው አያውቁም ነበር። አሊስ አልክዊስት ቴዎዶራን ሆና ስትጫወት በለበሰችው የመድረክ ቀሚስ ላይ፣ ከአብረቅራቂ ብርጭቆዎች መሃል ተሰፍተው ሕዝብ ሁሉ ሲያያቸው ኖረዋል። ሰውየው ቀሚሱን ስንት ጊዜ ገፍቶ እንዳለፈው እንጃ። መርማሪው በመጣባት ሌሊት እጁን ሲያሳርፍበት ጣቱ አንዷ ላይ ይቆማል፤ ወደ መብራቱ ያስጠጋታል። ታች መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበልባሉ አጥሯል፤ የሚያዩት ግን አሁን ሁለት ሰዎች ናቸው።