ያዝ… ልቀቅ

ጋሼ ክሪኩን የሚያቆሙት ሌላው መካኒክ በሚያቆምበት ቦታ አይደለም። ጎንበስ ብለው የኋላውን አክሰል በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋሉ፤ ጭቃና ዘይት የጋገረውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ክሪኩንም መደገፊያውንም ከመኪናዋ ወለል ሳይሆን ከአክሰሉ ስር ይተክላሉ። የእጅ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት። ምክንያቱ የገባኝ ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው።

መኪናዋ ላዳ 2107 ናት፤ አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ አልብሳ ስታሯሩጣቸው የኖረችው የነዚያ ታክሲዎች ዘመድ። ስረግጣት ትቆማለች፤ ቅሬታዬ በዚያ አልነበረም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ስቆም የፊት ግራ ጎማዋ እጅ አያስቀርብም፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታም ይከተለኛል። ሌላ ጋራዥ ወስጃት ሸራ ተቀይሮላት ነበር። ሽታውም ከሸራው ጋር ታደሰ እንጂ አልጠፋም። ጋሼ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተው በአንድ እጃቸው ሊያዞሩት ሞከሩ። ሩብ ዙር ሄዶ ቆመ።

«ፍሬንህ መያዙን ደኅና ይይዛል ልጄ» አሉ። «መልቀቅ ነው የረሳው።»

ይቺን ቃል ይዤ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ዋልኩ። ፍሬን ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው መያዙን ነው፤ ይዞ ካቆመን ሌላ ምን እንፈልጋለን? ነገር ግን እግራችን ከፔዳሉ ላይ የሚነሳበት ጊዜ ከሚያርፍበት እጅግ ይበልጣል። ያን ሁሉ መንገድ ሸራው ከብረቱ ሳይርቅ፣ ሳይነካውም፣ ልክ ደጅ ላይ እንደቆመ ጠባቂ መኖር አለበት። ከራቀ በተፈለገ ጊዜ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ ከተጠጋ ይግላል። ላዳን የሠሩት ሰዎች ብልሃታቸውን ያፈሰሱት እዚህች ጠባብ ክፍተት ላይ መሆኑን ያየሁት ጋሼ አንድ በአንድ ሲፈቱት ነው።

ከኋላ ጀመሩ። ታምቡሩ በሁለት ብሎኖች ተይዟል፤ ፈቷቸው፤ ታምቡሩ ግን ዝገት አጣብቆት ንቅንቅ አላለም። መዶሻ የሚነሳው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ታምቡሩ ደግሞ አልሙኒየም ስለሆነ መዶሻ አይችልም። ጋሼ የፈቷቸውን ሁለት ብሎኖች መልሰው አነሱና ታምቡሩ ላይ ለዚሁ ተብሎ ጥርስ ወደወጣላቸው ሌሎች ሁለት ቀዳዳዎች ከተቷቸው። አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር፣ እያፈራረቁ አጠበቁ። የብሎኖቹ ጫፍ ከኋላ ያለውን ብረት እየገፋ ታምቡሩን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ አመጣው። አስሮ የያዘው ብሎን ራሱ መፍቻ ሲሆን ሳይ ሳቄ መጣ። ጋሼ አልሳቁም፤ ሁሌ የሚያዩት ነው።

ውስጡን ሳይነፉ በውሃ በራሰ ብሩሽ አጠቡት። በድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አዝቤስቶስ ስለሚኖር አቧራውን በኮምፕረሰር መንፋት ለሳንባ መርዝ ነው። ከዚያ ታምቡሩን ገልብጠው አሳዩኝ። ውጪው አልሙኒየም፣ ሸራው የሚያርፍበት ውስጠኛው ቀለበት ብረት። ሁለቱ አንድ ላይ የተወለዱ ይመስል መጋጠሚያቸው ጥፍር አያስገባም። ብረቱ መፋቅን ይችላል፤ አልሙኒየሙ ደግሞ ሙቀትን ከዚህ ዓይነቱ ብረት በሦስት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ወደ ውጭ ያወጣል። አዲስ ሲሆን የውስጡ ስፋት 250 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተበልቶም ሆነ ቶርኖ ገብቶ 251 ካለፈ ይጣላል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ዕድሜው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ሳስብ ታምቡሩን ሳላውቀው በሁለት እጄ አቀፍኩት።

ይህ ታምቡር ራሱ ታሪክ አለው። የላዳ እናት ጣሊያናዊቷ ፊያት 124 ናት፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ አራቱም ጎማዋ ላይ ዲስክ ፍሬን የነበራት። ሶቪየቶች ለቶሊያቲ ከተማ ፋብሪካቸው ሲወስዷት በራሳቸው መንገድ ፈተኗት፤ የኋላውን ዲስክ ጭቃና ጠጠር ቶሎ ቶሎ በላው። ስለዚህ የተሸፈነ ታምቡር አደረጉለት። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በሚያዝያ 1970 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ ሲወጡ የኋላ ፍሬናቸው ከእናታቸው ያነሰ ዘመናዊ፣ ለመንገዳቸው ግን የሚበልጥ ነበር። ኮረኮንች ላይ ላደገ ሰው ይህ ምርጫ ማስረጃ አይፈልግም። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ጋሼ «ፍሬን»፣ «ታምቡር»፣ «ሞላ» እያሉ ይህችን የሩሲያ መኪና ሲጠሩ ሳያውቁት በአያቶቿ ቋንቋ ነው የሚጠሯት።

ሁለቱን ሸራዎች ወደ መሃል የሚስቧቸው መላሽ ሞላዎች ናቸው። እግር ሲነሳ ሞላው ሸራውን ከታምቡሩ ያላቅቀዋል። ግን እስከ የት ያርቀው? ሸራው እያለቀ ሲሄድ ሞላው ዝም ብሎ እስከ ጥጉ ቢስበው ፔዳሉ በየወሩ እየጠለቀ በሄደ ነበር። መልሱ ትንሿ ሲሊንደር ውስጥ ነው። ጋሼ ፒስተኑን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥብቆ ስለሚይዝ መላሽ ሞላው ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ፒስተኑ ግን በቀለበቱ ውስጥ ከ1.25 እስከ 1.65 ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ ማለት ይችላል። ሸራው ሲሳሳ ፒስተኑ ከዚያ ልክ አልፎ ይወጣና ቀለበቱን አንድ እርምጃ ወደፊት ይገፋዋል፤ ሲመለስ ግን የሚመለሰው የተፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው። እንዲህ እያለ ክፍተቱ ሸራው አዲስም ሆነ አሮጌ አንድ ዓይነት ይሆናል። ሰው አይነካውም፣ አያስተካክለውም። ቀለበቱን ጣቴ ላይ አዙሬ አዙሬ አየሁት፤ ሠሪውን ባገኘው እጁን እጨብጥ ነበር።

የኋላው ጤነኛ ነበር። ሸራው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች እስካልሆነ አይነካም አሉና ዘጉት። በሽታው ፊት ነው።

የላዳ የፊት ካሊፐር በሁለት ወገን ሁለት ፒስተን አለው፤ እያንዳንዳቸው 48 ሚሊ ሜትር ስፋት። ዲስኩን ከግራና ከቀኝ እንደ ሁለት አውራ ጣት ይጫኑታል። ሲሊንደሮቹ ከካሊፐሩ ጋር አንድ አካል አይደሉም፤ ቦያቸው ላይ ተንሸራተው ገብተው በትንሽ ቁልፍ የሚያዙ ናቸው። አንዱ ቢበላሽ አንዱ ብቻ ይቀየራል። ዛሬ ዛሬ ሙሉ ዕቃ አንሥቶ ሙሉ ዕቃ መትከል ሥራ ተብሎ በሚቆጠርበት ጊዜ ይቺ ቁጠባ ጨዋነት ሆና ታየችኝ።

ጋሼ ፒስተኑን ሲያወጡት የአቧራ መከላከያው ላስቲክ ተቀዶ ውሃ ገብቷል፤ ጎኑ ላይ የዝገት ነጠብጣብ አለ። ከውስጥ ያለውን ጎሚኒ ግን ወደ ብርሃን አንስተው ቆይተው አዩት። አብጧል። «ይሄ ቤንዚን ቀምሷል» አሉ። የፍሬን ጎሚኒ በቤንዚን ከታጠበ ያብጣል፤ የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው። የቀደመው ጋራዥ ሸራውን ሲቀይር ያደረገውን ጎሚኒው ሳይደብቅ ተናገረ።

ይህን ጎሚኒ ለማየት ማንም ጊዜ አይሰጥም። ቀለበት ነው፤ ሲቆረጥ ግን እንደ ክር ድቡልቡል ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ በተቆፈረለት ቦይ ተቀምጦ ፒስተኑን ዙሪያውን ያቅፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስተኑ ወደፊት ይሄዳል፤ ጎሚኒው ግን አቅፎታልና አብሮ ተጎትቶ ይጣመማል። እግር ሲነሳ ጎሚኒው ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሲቃና ፒስተኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ባነሰ ርቀት ወደኋላ ይጎትተዋል። ያቺ ርቀት ናት ዲስኩን ነፃ የምታወጣው። ሞላ የለም፣ ማንሻ የለም፤ ዘይት እንዳይፈስ የተቀመጠው ዕቃ ራሱ አስለቃቂ ሆኗል። ያበጠና የደነደነ ጎሚኒ ግን መጣመምም መቃናትም አይሆንለትም። ፍሬኔ መልቀቅ የረሳው በዚህ ነበር።

ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ጎሚኒና ፒስተን ይዤ እስክመለስ ጋሼ ሲሊንደሩን አጥበው፣ ዲስኩን ለክተው ጠበቁኝ። አዲስ ዲስክ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ9 በታች አይነዳም፤ የእኔው ገና ነው። ጎሚኒውን በፍሬን ዘይት አርሰው ቦዩ ውስጥ በጣታቸው ሲያስቀምጡት ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጣት ጫፍ ዙሪያውን ሄደው አለመጠምዘዙን አረጋገጡ። ከዚያ ፒስተኑን ቀጥ አድርገው አቁመው በሁለት አውራ ጣታቸው ጫኑት። አልገባም። አልታገሉትም፤ አወጡት፣ አንድ ፀጉር ያህል አቃኑት፣ እንደገና ጫኑት። ያን ጊዜ ረጅም ትንፋሽ እንደሚያወጣ ሰው ቀስ ብሎ ሰመጠ። መዶሻ ወይም ፒንሳ ቢነሳ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፣ በዓመቱም እመለስ ነበር።

ለመሆኑ አንድ እግር ይህን ሁሉ ብረት እንዴት ይጫነዋል? ፔዳሉ የሚገፋው የዋናው ፖምፓ ፒስተን ስፋቱ 19.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፊቱ ግን 48 ስለሆነ በፊታቸው የቆዳ ስፋት ሲነጻጸሩ እያንዳንዱ የፊት ፒስተን ፖምፓው ከተገፋበት ኃይል ስድስት እጥፍ በላይ ይገፋል። በዚያ ላይ እግርን የሚያግዘው ሰርቮ ይጨመራል። ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው ባዶነትና በውጪው አየር ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ጣልቃ ትገባለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳር ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ያው ሰርቮ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሰጠው እርዳታ ሸገር ላይ ከሩብ በላይ ሊያጎድል ይችላል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ የባሰ። የድሮዋ ላዳ 2101 ሰርቮ ስላልነበራት ተራራና ቆላ አይለዩባትም፤ ሁለቱም ጋ እኩል ትከብዳለች።

ዘይቱ ሁለት ዓመት ስለሞላው ሙሉውን ቀየሩት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ የፈላ ዘይት አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም።

ቀጥሎ ስፑርጎ ሆነ፤ ከዘይቱ መስመር አየር ማስወጣት። «አንተ ግባና ርገጥ፤ ስልህ ብቻ ልቀቅ።» ከፖምፓው በጣም ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጀመሩ፤ ብሎኑ ላይ ቀጭን ቱቦ አጥልቀው ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከሩት።

«ርገጥ… ርገጥ… ርገጥ… ያዝ!»

ፔዳሉ ከእግሬ ስር ሰመጠ። ከጠርሙሱ የአረፋ ድምፅ መጣ። ብሎኑ ጠበቀ።

«ልቀቅ።»

የክሪኩ ምስጢር የተገለጠልኝ እዚህ ነው። ከኋላ አክሰል አጠገብ አንድ የግፊት መቆጣጠሪያ አለ፤ በረጅም ዘንግ ከአክሰሉ ጋር ተያይዟል። መኪና ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ጀርባዋ ይነሳል፤ የቀለለው የኋላ ጎማ በሙሉ ኃይል ከተያዘ ይቆለፍና መኪናዋ ትዞራለች። ዘንጉ የጀርባዋን መነሳት ለመቆጣጠሪያው ይነግረዋል፤ እሱም ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘይት ያጠበዋል። ታዲያ መኪናዋን ከወለሏ አንስተው አክሰሉን ያንጠለጠሉ እንደሆነ መቆጣጠሪያው ጀርባዋ የተነሳ ይመስለዋል፤ መንገዱን ያጠበዋል፤ አየሩም ተደብቆ ይቀራል። ከአክሰሉ ስር የተደገፈች መኪና ግን ክብደቷን እንደተሸከመች ነው። ጠዋት ያቺን ድንጋይ የምታህል ክሪክ ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉ ከሰዓት በኋላ የሚወጣውን አረፋ ያስቡ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ፔዳሉ መጡና በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ባዶ መሄድ አለበት። ያ ባዶ ጉዞ ከሌለ የፖምፓው ፒስተን እስከ መጨረሻው አይመለስም፤ የጋለው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት መንገድ አይከፈትለትም፤ ፍሬኑም ማንም ሳይረግጠው ራሱን ይይዛል። ሁሉም ዘንድ ያው የመልቀቅ ጉዳይ ነው፤ ሞላው፣ የተሰነጠቀው ቀለበት፣ አራት ማዕዘኑ ጎሚኒ፣ አሁን ደግሞ ይቺ የፔዳል ትርፍ።

የፊት ግራውን ጎማ ገና ከመሬት ሳያወርዱት ረገጥኩ፤ ቀጥ አለ። ለቀቅኩ። ጋሼ በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ዞረ፤ ሸራው ዲስኩን የሚዳብስበት ቀጭን ሽውታ ብቻ እየተሰማ ዞረ። ጆሯቸውን አዘንብለው እስኪቆም ጠበቁ።

«በል ወጥተህ ቁልቁለቱን ውረድና ና።»

ወጥቼ፣ ወርጄ ተመለስኩ። ጋሼ እጃቸውን ጠርገው ቀኙን ጎማ ዳሰሱ፣ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ እንደገና ቀኙን። በመጨረሻ መዳፋቸውን ግራው ላይ አሳረፉና እዚያው እንደተደገፉ የጋራዡን ልጅ ሁለት ሻይ እንዲያዝ ላኩት።