ድርቁ እኛ ጋ፣ መዘግየቱ ዴንማርክ

አንድ ጥናት ካነበብኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ስለ ወፍ ነው። እንዴት አላወራ! ሠላሳ ግራም ገደማ የምትመዝን ፍጥረት የእኛን ድርቅ ወሬ ስካንዲኔቪያ ድረስ አድርሳለች።

በ2011 እ.ኤ.አ. ጸደይ ሁለት ዓይነት ዘማሪ ወፎች፣ ጀርባ ቀዩ ሽራይክና ትረሽ ናይቲንጌል፣ ከደቡባዊ አፍሪካ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚመለሱበት ቀን አለፈና ዘገዩ። ምን ነካቸው? መልሱ ጀርባቸው ላይ ነበር። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው አንደርስ ቶትሩፕና ባልደረቦቹ አንድ ግራም ገደማ የምትመዝን መሣሪያ እንደ አንቀልባ አሳዝለዋቸዋል። መሣሪያዋ የምትመዘግበው ብርሃንን ብቻ ነው፤ ፀሐይ የወጣችበትና የጠለቀችበት ሰዓት ከታወቀ ግን ወፏ የት እንደነበረች ይሰላል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! መዝገቡን ለማንበብ ታዲያ ያችው ወፍ አህጉር አቋርጣ መመለስና እንደገና መያዝ አለባት። ትዕግሥት ማለት ይህ ነው።

ሲነበብ ወፎቹ የቆዩት አፍሪካ ቀንድ፣ እኛው ጋ ሆኖ ተገኘ። በየዓመቱ እዚህ አርፈው ነፍሳት እየለቀሙ ስብ ያጠራቅማሉ፤ የቀሪው መንገድ ስንቅ እሱ ነው። በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ ቀረ፣ ምድሩ ደረቀ፣ የሚለቀመውም ጠፋ። ስንቃቸው እስኪሞላ ጠበቁ።

ከሁሉ የገረመኝ ገና ነው። የቆዩ መዛግብት ሲገላበጡ ይህን የሚያህል መዘግየት የተገኘው በሌላ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ1984 እ.ኤ.አ.! የ77ቱ ድርቅ ዘመን! እኛ በእንባ የምናስታውሰውን ክፉ ቀን የሰሜን አውሮፓ ወፍ ተመልካቾች ሳያውቁት በደብተራቸው ጽፈውት ኖሯል። ግኝቱ በ2012 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ፤ እኔ ግን በየትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው እዚህ አገር ነው እላለሁ።

ሽራይኩን ለማየት አውሮፓ መሄድ አያሻም። ሚያዝያ ላይ የግራር ቁጥቋጦ ጫፍ ጫፉን ተመልከቱ። ወንዱ ራሱ ግራጫ፣ ጀርባው ቀይ ቡናማ ነው፤ ዓይኑን ጥቁር ጭምብል ያቋርጠዋል። የያዘውን ፌንጣ እሾህ ላይ ሰክቶ ሲቦጭቅ ካገኛችሁት ታድላችኋል! እባካችሁ፣ ያንን ቁጥቋጦ ለከሰል የሚቆርጥ ሰው ስታዩ ይህን ታሪክ ንገሩት።